በር ድረስ የሚመጣ ሰው

ለቅሶ ሊደርሱን የመጡትን ሁለት ሴቶች እናቴ በር ላይ ቆማ «ማን ሞቶባችሁ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፊታቸውን ለለቅሶ አዘጋጅተው ነበር የመጡት። የድሮ የካዛንቺስ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ገላን ጉራ ገቡ፤ እኛ ደባል ስለነበርን የደረሰን ነገር የለም፤ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ግቢ ውስጥ ያለች፣ በሯ ግን መንገድ ላይ የሚከፈት አንዲት ክፍል ተከራየን። ከገላን ጉራ ቂርቆስ ለመምጣት ታክሲው ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አንደኛዋ አፏን ከፍታ ልትጮህ ስትል የእናቴን ጥያቄ ሰማችና አፏን መልሳ ገጠመች። ሁለቱም ወደ እኔ አዩ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እናቴ «ግቡ እንጂ፣ ምን ትገተራላችሁ» አለችና አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ሻይ አፈላች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ ቲማቲም ኪሎው መቶ ብር መግባቱን አወራቻቸው። ሴቶቹ ሻዩን ጠጡ፣ በቲማቲሙ ተገረሙ፣ እነሱ ዘንድ ደግሞ ውሃ በሳምንት አንዴ እንደሚመጣ ነገሯት። ሲወጡ በሩ ላይ ነጠላቸውን እንደ ደህና ቀን አስተካክለው ለበሱ።

የሞተው ወንድሜ ኢያቄም ነው። አርባው አልፎ ነበር። ወታደር አልነበረም፤ ጎረቤት አገር ለሰፈረ የሰላም አስከባሪ ጦር ውሃ የሚያመላልስ የቦቴ ሹፌር ነበር። የቀጠረው እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል የተከራየ የትራንስፖርት ድርጅት ነው። ቦቴው መንገድ ላይ ፈንጂ ረገጠ። እዚያው ካምፑ አጠገብ ቀበሩት። አብሮት ይነዳ የነበረው ለሊሳ የሚባል ጓደኛው የመቃብሩን ፎቶ በስልክ ልኮልኛል፤ ቀይ አፈር፣ አፈሩ ላይ የቆመ የእንጨት መስቀል፣ ከኋላው የሽቦ አጥር። ወታደር ቢሆን መከላከያ ሰው ይልክ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ ቢሆንም የሚጠይቅለት ቢሮ ነበረው። ለወንድሜ የነበረው ስልክ ነው። እናቴ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ምስር ስትለቅም ስልኳ ጮኸ። አንድ ትሁት ድምፅ «የአቶ ኢያቄም በለጠ ቤተሰብ ነዎት?» አላት። «አዎ» አለች። «ልጅዎ በሥራ ላይ እንዳሉ ሕይወታቸው ማለፉን የምንገልጸው በታላቅ ሐዘን ነው፤ ለተጨማሪ መረጃ በዚሁ ቁጥር ይደውሉ።» እናቴ «ተሳስተሃል ልጄ» አለችና ዘጋችው። ምስሯን ለቅማ ጨረሰች። ማታ ስገባ የነገረችኝም «አንድ ልጅ ተሳስቶ ደውሎ» ብላ ነው። እኔ በዚያ ቁጥር ስደውል የሚያነሳ የለም። ቢሮው ድረስ ሄድኩ፣ ተቆልፏል፤ ጥበቃው «ለቀዋል እኮ» አለኝ።

እናቴ አላበደችም። ሰዎች ስለሚጠይቁኝ ነው ይህን የምጽፈው። ገበያ ትወጣለች፣ ሂሳብ አትሳሳትም፣ ቅዳሴ አታስታጉልም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው፤ «በስልክ ሰው አይሞትም። ልጄን ሲወስዱት በመኪና በር ድረስ መጥተው ነው የወሰዱት። ሞቶ ከሆነ በር ድረስ መጥተው ይንገሩኝ።» ከዚህ ወዲያ አትናገርም። ጥቁር አልለበሰችም። የነፍስ አባታችን ስለ ፍትሐቱ ሊያነጋግሯት ሲመጡ «አባቴ፣ ማንም ላላረዳኝ ልጅ እንዴት ፍትሐት ላስደርግ?» አለቻቸው። እሳቸውም መስቀል አሳልመዋት ወጡ። አርባው እንዲሁ አለፈ፤ የወንድሜ ስም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አልተጠራም። እኔም አላለቀስኩም። እናት ያላለቀሰችበት ቤት እህት ከየት ጀምራ ታለቅሳለች? እኔው እንዳላረዳት መርዶ የቤት ሰው አይናገረውም። ከውጭ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ይዞት የሚመጣ ነገር ነው። ስለዚህ መንፈቁ ሳይደርስ በሯን የሚያንኳኳ ሰው መፈለግ ነበረብኝ።

ሴቶቹ ሻይ ጠጥተው በሄዱ ማግስት፣ ጠዋት፣ ሰብሪና ደወለችልኝ። ሰብሪና የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ ኡራኤል አካባቢ ያለ ሆቴል የስብሰባ አዳራሽ ታሰናዳለች። «ሔሉ፣ ዛሬ እኛ ጋ ስብሰባ አለ። ባነሩ ላይ ውጭ ጉዳይ፣ ሰላም ማስከበር ምናምን ይላል። በቃ የናንተ ነገር ነው ማለቴ። ነይና ከኋላ ቁጭ በይ፣ የሚከለክልሽ የለም» አለችኝ። የምሠራበት ስፌት ቤት ደውዬ አሞኛል አልኩ። እናቴ ጠባቧን ደጃፍ ትጠርግ ነበር፤ ሌሊቱን ዘንቦ ጭቃው ደረጃው ላይ ወጥቷል። የት እንደምሄድ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ኢያቄም ከሞተ ወዲህ እኔና እሷ በብዙ ነገር እንዲህ ሆነናል። ከሰውነታችን ይልቅ ዝምታችን ነው ክፍሏን ያጣበባት። ያለን አንድ አልጋ፣ ማታ መሬት የሚነጠፍ ፍራሽ፣ ቁም ሳጥን፣ ከካዛንቺስ የመጣ ትልቅ ብፌ ነው። ብፌው በበሩ አልገባ ብሎ ኢያቄም ራሱ ጀርባውን ፈትቶ ያስገባው ነው፤ ከመሄዱ በፊት መጨረሻ የሠራው ሥራ እሱ ነው። ጃኬቱ ብፌው ጎን ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እናቴ አቧራውን ታራግፈዋለች እንጂ ከሚስማሩ አታወርደውም።

አዳራሹ መግቢያ ላይ ስም የምትመዘግብ ልጅ ተቀምጣለች። «ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነዎት?» አለችኝ። «ከቤት» አልኳት። «ማለቴ የሚወክሉት ተቋም?» ሰብሪና የውሃ ካርቶን ተሸክማ ስታልፍ ሰማችና «ቤተሰብ በያት፣ ቤተሰብ ተቋም አይደል እንዴ» ብላ ሳቀች። «ቤተሰብ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከእኔ በላይ ያሉት ሁሉ ሚኒስቴር፣ ኮሚሽን፣ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ባነሩ ግድግዳውን ሞልቶታል፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በዓለም አቀፍ ሰላምና ደህንነት ረገድ ስለሚኖረው ሥልጣንና ተግባር በወጣ ረቂቅ አዋጅ ላይ የባለድርሻ አካላት ውይይት ይላል። እያንዳንዱ ወንበር ፊት ውሃ፣ እስክርቢቶና የረቂቁ ቅጂ ተቀምጧል። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ከኋላ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

ረቂቁን ያነበበው ሃይለአብ የሚባል የሕግ ባለሙያ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፣ ሰማያዊ ሱፍ ለብሷል፣ ሲያነብ እንደ ዲያቆን አይተነፍስም። ብዙው አልገባኝም። ስለ ስምምነቶች፣ ስለ ማዕቀብ፣ ጦር ወደ ውጭ ሲላክ ማን ከማን ጋር እንደሚመክር። ከዚያ ትርጓሜ ወደሚለው ተመልሶ «በተልእኮ ላይ የተሰማራ ኢትዮጵያዊ ማለት የሠራዊት ወይም የፖሊስ አባል፣ ሲቪል ባለሙያ፣ እንዲሁም ለተልእኮው አገልግሎት በውል የተቀጠረ ሰው ነው» ሲል ቀና አልኩ። በውል የተቀጠረ ሰው። የወንድሜን ስም የጠሩት ያህል ደነገጥኩ። ቅጂውን አንስቼ ከእሱ ጋር ማንበብ ጀመርኩ። ጥቂት ገጽ አለፍ ብሎ ደረሰበት፤ ሚኒስቴሩ በተልእኮ ላይ የተሰማራ ኢትዮጵያዊ የሞት አደጋ ሲደርስበት ከሚመለከታቸው አካላት ጋር በመቀናጀት ለቤተሰብ በማናቸውም አመቺ መንገድ ያሳውቃል። ሃይለአብ ይህን አንብቦ ገጽ ገለበጠ። ሌላው ሰው ሁሉ አብሮት ገለበጠ። እኔ አልገለበጥኩም።

ውይይቱ ሲከፈት የመጀመሪያው ሰው ሚኒስቴሩ «ይመራል» ከሚል «ያስተባብራል» ቢል ይሻላል አለ። ሁለተኛው፣ የለም፣ ካልመራ ማን ይመራል አለ። ሦስተኛው የሁለቱንም አከበረና የራሱን መሥሪያ ቤት ሥልጣን አስታወሰ። እንዲህ እያሉ ሻይ ሰዓት ሊደርስ ሆነ። ሰዎቹን አልነቅፍም፤ ከዚህ በፊት የማን ሥራ እንደሆነ ያልታወቀ ነገር እንዴት እንደሚጠፋ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ወንድሜ የጠፋው እዚያ መሐል ነው። እጄን ሳወጣ ሰብሳቢው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝና «ከኋላ፣ እህታችን» አለ። ማይኩን ያመጣችልኝ ሰብሪና ናት፤ ስትሰጠኝ ጣቴን ጨመቀችኝ።

ስሜን ተናገርኩ። ወንድሜ በውል የተቀጠረ እንደነበር፣ መሞቱ ለእናቴ በስልክ እንደተነገራት፣ እስከ ዛሬም እንዳልተረዳች ተናገርኩ። «አመቺ መንገድ ይላል» አልኩ። «አመቺ ለማን? ለሚደውለው ነው ወይስ ለሚሰማው? የእናቴን ልጅ የወሰዱት በር ድረስ መጥተው ነው። ሰው ሄዶ ይንገር የሚል ቃል ይግባበት። ስንት ሰው እንደሚሄድ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።» ሰብሳቢው መልካም ሰው ነው፤ «እህታችን፣ ሐዘንሽን እንጋራለን። ግን አዋጅ ማዕቀፍ ነው፤ መርዶን በአዋጅ አንደነግገውም» አለ። አዳራሹ ትንሽ ሳቀ። ከፊቴ የተቀመጠ ወፍራም ሰውዬ ለጎረቤቱ «ቀጥሎ ንፍሮውም በአንቀጽ ይግባ ይሉናል» ሲል ሰማሁት። ጎረቤቱ በእጁ አፉን ሸፈነ። ከመሐል አንድ ጡረታ የወጡ ኮሎኔል ማይክ ሳይጠብቁ ተነሱ፤ «በጦሩ ሰው ይላካል። እኔ ራሴ ተልኬ አውቃለሁ። ምሽግ ሰብሬያለሁ፣ ያን በር ማንኳኳት ግን ይበልጥ ይከብዳል» ብለው ተቀመጡ። የሳቀ የለም። ሰብሳቢው «አስተያየቱ ተመዝግቧል» አለና ሻይ ታወጀ።

ሻይ ላይ ሃይለአብ ፈልጎኝ መጣ። ስኒውን ይዞ አይጠጣውም። «ያልሽውን ጽፌዋለሁ፤ በአካል በመቅረብ የሚል ቃል እንዲገባ አቀርባለሁ» አለኝ። አመሰገንኩት። «ለእናቴ ግን ቃል ሳይሆን ሰው ነው የምፈልገው» አልኩ። ትንሽ ግራ ገባው። «አዋጁ እኮ ገና ነው። ሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ከዚያ ፓርላማ፣ ቋሚ ኮሚቴ... ቢጸድቅም ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም።»

«ወደ ኋላ እንዲሠራ አልጠየቅኩም። ነገ ጠዋት ሰው እንዲመጣ ነው የጠየቅኩት።»

«ማን?»

«አንተ።»

ሳቀ፤ ወዲያው ተወው። «እኔ መሥሪያ ቤቱን ወክዬ አንዲት ቃል መተንፈስ አልችልም። ለዚህ አልተላክሁም፤ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደግሞ ወንድምሽን አላውቀው፣ ምን ብዬ ነው?»

«ሽማግሌ አብሮህ ይኖራል፣ እሱ ያግዝሃል። አንተ በሩ ላይ መቆም ብቻ ነው።»

«ለምን እኔ?»

«አንቀጹን ያነበብከው አንተ ነህ። ሌላ ሰው አላውቅም።»

ይህን ስለው ስኒውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። የት እንደሆነ ነገርኩት፤ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ የሙሐሲን ሱቅ ብሎ መጠየቅ፣ ከሱቁ ጎን ያለው ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፤ መርዶ ሰው ለሥራ ሳይወጣ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። እጁ ላይ እስክርቢቶም ረቂቁም ነበር። አልጻፈውም። «አላውቅም፣ እንግዲህ» አለና ሰዎች ሲጠሩት ሄደ። ሰብሪና ስወጣ በሶፍት የተጠቀለለ ሳምቡሳ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችና «ለማዘር ስጫት። ልጁስ ምን አለ?» አለችኝ። «አላውቅም አለ።» «እነሱ አላውቅም ካሉ ጥሩ ነው፤ እናያለን ካሉሽ ነው ያለቀልሽ» አለች።

ከኡራኤል ወደ ሰንጋ ተራ ታክሲ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ አብዛኛውን በእግሬ ሄድኩት። በካዛንቺስ በኩል ሳልፍ የኛ ቤት የነበረበትን ቦታ ለማየት ሞከርኩ፤ ሰፊ መንገድ፣ ሣር፣ የብስክሌት መስመር፣ ማታ የሚበራ ፋኖስ ሆኗል። ቆንጆ ነው። የትኛው ሣር ላይ በራችን እንደነበረ ግን ማወቅ አልቻልኩም። ጋሽ ወልደአረጋይ የድሮው ሰፈር እድር ዳኛ ናቸው። አሁን ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ልጃቸው ቤት ይኖራሉ፣ ሊፍቱ ስለማይሠራ በቀን አንዴ ብቻ ይወርዳሉ። የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮችና ትልልቅ ድስቶች ከደረጃው ሥር በሸራ ተሸፍነው ተከምረዋል። የብሎኩ ኮሚቴ አንሱልን ብሎ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቋቸዋል። «የት ላድርገው?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። «ጥሩምባ ነፊው አራብሳ ነው፤ ነፍቶስ ማን ይሰማዋል? ድንኳን አለኝ፣ ሰፈር የለኝም።»

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ከዚህ በፊትም ለምኛቸዋለሁ፣ መልሳቸውን አውቀዋለሁ። «ሔለንዬ፣ መርዶ ሁለት ጊዜ አይነገርም» አሉ። «ስልኩ አንዴ ነግሯታል። ሰምታለች፤ አልቀበልም አለች እንጂ። ለሰማ ሰው በማለዳ ሄደን ብናንኳኳ ሌላ መርዶ ነው የሚመስላት። ሁለት ልጅ ነው ያላት። እኛን በሩ ላይ ስታይ መጀመሪያ የምትፈልገው ማንን ይመስልሻል? አንቺን ነው።» ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። እሳቸው ቀጠሉ፤ «እኔስ ምን ብዬ ላርዳት? ሬሳ አላየሁ። ያየው ልጅ ያው ውጭ ነው፤ የላከው ሰው የለ። በባዶ እጅ መርዶ አይያዝም።» የላከው ባይገኝም ከመንግሥት በኩል ይህን ሕግ የሚጽፍ ልጅ ነገ ሊመጣ ይችላል አልኳቸው። «ሊመጣ ይችላል ነው ወይስ ይመጣል?» «አላውቅም አለ።» ጋሽ ወልደአረጋይ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ አሽከረከሩ። የልጃቸው ልጅ ቴሌቪዥን ከፍቶ ነበር፣ ቀንሰው አሉት፣ አልቀነሰም። በመጨረሻ «ለኪዳን ቂርቆስ እመጣለሁ» አሉ። «ስወጣ ሱቁ ጋ እቆማለሁ። ልጁ ካለ እንገባለን። ከሌለ ዳቦዬን ገዝቼ እመለሳለሁ። እናትሽ እንዳታየኝ ነው ጸሎቴ።»

ማታ እናቴ ሳምቡሳውን በሰሃን አቀረበችልኝ፣ ለራሷ ግማሹን ወሰደች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይመታ ነበር። «የት ዋልሽ?» አለችኝ። «ስብሰባ።» «የምን?» «የመንግሥት።» «ሻይ ሰጧችሁ?» «ሰጡን።» «ጎሽ» አለችና ሳምቡሳውን አየች። «ኢያቄም ዘይት የበዛበት ነገር አይወድም» አለች። እኔም «አይወድም» አልኩ። ለሊሳ የላከልኝ ፎቶ ስልኬ ውስጥ ነበር፤ ስልኬ በእኔና በእሷ መሐል አልጋው ላይ ተኝቷል። ላሳያት እችል ነበር። ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ባሳያት ኖሮ ደግሞ ያው በስልክ ነበር። እሷ አልጋው ላይ፣ እኔ ፍራሹ ላይ ተኛን። መብራቱን ያጠፋችው እሷ ናት።

የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ ገና ብርሃን ነጭ አልሆነም ነበር፤ የኪዳኑ ጸሎት ካለቀ ጥቂት ቆይቷል። እናቴ ብድግ ብላ ተቀመጠች። ወደ በሩ አላየችም። አንገቷን አዙራ መሬት ላይ፣ ፍራሹ ላይ እኔን አየች፤ ዓይኔ ተከፍቶ አየችው። እጇን ዘርግታ ግንባሬን ነካችኝ፣ ሙቀት እንዳለው የምትለካ ይመስል። ከዚያ በቀስታ ተነሳች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች፣ ሚስማር ላይ ያለውን ጃኬት አንዴ ቀና ብላ አየችና መቀርቀሪያውን ሳበች።

ጋሽ ወልደአረጋይ ጋቢያቸውን ደርበው ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። አጠገባቸው ሃይለአብ፣ ያው የትናንቱ ሰማያዊ ሱፍ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ። እጁ ላይ የታጠፈ ወረቀት አለ። «እንደምን አደርሽ ሀብትነሽ» አሉ ጋሼ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደሩ» አለች እናቴ፤ ዓይኗ ግን ልጁ ላይ ነው። «አንተ ከየት ነህ?»

ወረቀቱን ዘረጋ። «እማማ፣ ልጅዎ በዓለም አቀፍ የሰላም ተልእኮ ላይ ተሰማርተው ሳሉ...» ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«ቆይ» አለችው። «ማን ልኮህ ነው?»

ሃይለአብ ወረቀቱን አየ፣ ጋሽ ወልደአረጋይን አየ፣ ከእሷ ትከሻ በላይ እኔን አየ። መዋሸት ይችል ነበር። እኔ በልቤ «መንግሥት በል፣ መንግሥት በል» እል ነበር። «ማንም አልላከኝም» አለ። «ሥራዬ እዚያ ነው፤ ሕጉን ከሚጽፉት ነኝ፤ ግን የላከኝ የለም። እኔው ነኝ የመጣሁት።» ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አለቀ አልኩ።

እናቴ ጫማውን አየች። «በእግርህ ነው የመጣኸው?»

«ከኡራኤል። ታክሲ ገና አልወጣም።»

«ስልክ የለህም?»

«አለኝ፣ እማማ።»

ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው ወረቀቱን እጠፈውና ንገረኝ» አለችው።

ሃይለአብ ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተው። እጆቹን የት እንደሚያደርግ ቸገረው፤ በመጨረሻ እንደ ተማሪ ወደ ኋላ አጣምሮ ያዛቸው። «ልጅዎ ኢያቄም ሞቷል» አለ። ድምፁ ከደጃፉ አላለፈም። ጋሽ ወልደአረጋይ «እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አሉ።

እናቴ መቀርቀሪያውን ለቀቀች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ጥድፊያ ሳይኖርባት፣ ጥለቱን ፈልጋ አዘቀዘቀችው፤ መልሳ ለበሰችው፣ ጫፉን ወገቧ ላይ አሰረች። ሁለቱን ሰዎች አልፋ ወደ ውጭ ወጣች፣ የቆርቆሮውን በር እስከ ግድግዳው ድረስ ገፍታ ከፈተችው፣ ሙሉውን፣ ብፌውን ስናስገባ እንኳ እንደዚያ አልተከፈተም። መንገዱ ላይ ቆመችና ጮኸች። ስሙን ነው የጠራችው። እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። እኔም በጠባቧ ክፍል መሐል ቆሜ ጃኬቱን ከሚስማሩ አወረድኩና ፊቴን ቀበርኩበት።

እዚህ ሰፈር ማንም አያውቀንም። ከገባን ጀምሮ ከኪራይና ከውሃ ሰልፍ ያለፈ ቃል ከማንም ጋር አልተነጋገርንም፤ ለቅሶ ቢኖረንስ ማን ይመጣልናል? ግን የመጀመሪያው ጩኸት ሳያልቅ በሮች መከፈት ጀመሩ። የግቢው ተከራዮች በሌሊት ልብሳቸው ወጡ። አንድ ዳቦ ተሸካሚ ቆመ። ጋሽ ወልደአረጋይ ቀጥ አሉ፣ የድሮ ድምፃቸው ተመለሰ፤ ሃይለአብን «አንተ ልጅ፣ ና ወንበር እንፈልግ፣ ቆሞ አይለቀስም» አሉት። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይጮህ ነበር። አላነሳውም፤ ከሙሐሲን ሱቅ የለስላሳ ሳጥኖችን እያወጣ መገልበጥ ጀመረ።

የሙሐሲን እናት ከሱቁ ጓሮ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ትልቅ ሴት ናቸው፤ እናቴ በየቀኑ ዘይትና ሳሙና ከእሳቸው ትገዛለች፣ ስም ግን ተጠያይቀው አያውቁም። መጥተው እናቴን ከፊት ለፊት በሁለት እጃቸው ትከሻዋን ያዟት። «ማን ሞቶባችሁ ነው?» አሏት።

እናቴ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ልጄ ነው» አለች። «ኢያቄም ይባላል።»

«እኔን! መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት» አለች እናቴ።